የፈረሰኛ ሰንደቅ ዓላማ አምሳያ ስታሠሩ፦ የትኛው ዘመን፣ የትኛው ጨርቅ፣ የትኛው ዘንግ?

ጥር 23 በእንጅባራ የጊዮርጊስ ቀን ነው፤ የፈረስም ቀን ነው። ከሰባት ቤት አገው የተሰባሰቡት ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት፣ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ቀን አባቴ ዳማ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው እኔ ከከተማ ገዝቼ ያመጣሁትን ባንዲራ ተቀበሉኝ። 90 በ150 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ሳቲን ነበር፤ መካከሉ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ታትሞበታል። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳየው ዓይኔን ሞልቶት ነበር። ፈረሱ በሶምሶማ ሲሄድ ምንም አልሆነም። ወደ ግልቢያ ሲያልፍ ግን የጨርቁ ጫፍ በቡሄ ሰሞን እንደሚጮኽ ጅራፍ ይጮኽ ጀመር። ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ፤ ወገቡን ወደ ጎን ጣለና ደነበረ። አባቴ አልወደቁም። ባንዲራው ግን ከእጃቸው አመለጠ፤ ከኋላ የመጣ ፈረስም ረገጠው።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አቧራውን ሳራግፍ አባቴ እንዲህ አሉኝ፦ «አየህ ልጄ፣ የቀረኝ አንድ እጅ ነው። በእሱ ልጓሙን ልያዝ ወይስ ባንዲራውን ልግራ?»

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ለሰፈራችን ፈረሰኞች ሦስት አምሳያዎች አሠርቻለሁ፤ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ገበያ የሚሸጡትንም በእጄ እየዳሰስኩ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለበዓል፣ ለማኅበር ወይም ለቤት የታሪክ ማስታወሻ የሚሆን የፈረሰኛ ሰንደቅ ዓላማ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው ነው። መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ አይደለም። ሰንደቅ ዓላማው የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ ነው፣ በእግረኛ ይያዛል፣ ወይስ በሚጋልብ ሰው እጅ ይገባል? ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም፤ እኔ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው።

የየትኛው ዘመን አምሳያ?

በገበያ ላይ «የዐድዋ ባንዲራ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ጨርቅ አንበሳ ያለበት አራት ማዕዘን ነው። ይህ የዐድዋ አይደለም። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲካሄድ ሦስቱ ቀለሞች ገና በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ አልተሰፉም ነበር። ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ፣ ወደ ጫፋቸው እየሾጠጡ የሚሄዱ ረጃጅም ጨርቆች ሆነው አንዱ ከሌላው በላይ ይውለበለቡ ነበር። አንድ ላይ ተሰፍተው አራት ማዕዘን የሆኑት በ1890 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነበር። አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘውድ የደፋውና መስቀል ያለበትን ዘንግ የያዘው አንበሳ በአብዛኛው ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሰንደቅ ዓላማ ጋር ነው። ደርግ ሲመጣ ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ላይ ወረደ፤ የመስቀሉም ቦታ በጦር ጫፍ ተተካ።

ስለዚህ ለጎጃም ፈረሰኞች መታሰቢያ የሚሆን አምሳያ የሚያሠራ ሰው የትኛውን ጎጃም እንደሚያስታውስ ለራሱ ይወስን። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር የተዋጋውን፣ ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ከምኒልክ ጎን ዐድዋ የዘመተውን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ከሆነ የሚታወሰው፣ ትክክለኛው መልክ ሦስቱ ሾጣጣ ጨርቆች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በየበረሃው የተዋጉትን አርበኞች፣ እነ በላይ ዘለቀን፣ ማለትም አባ ኮስትርን ከሆነ ደግሞ አረንጓዴው ከላይ ያለው፣ አንበሳ ያለበት አራት ማዕዘን ተገቢ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በዚያው በወረራው ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. እንደሆነ ይነገራል፤ የሚያስበው ግን ዐድዋ ላይ የዋሉትን ፈረሶች ጭምር ነው። ስለዚህ ሁለቱም አምሳያዎች እዚህ ቦታ አላቸው። ቦታ የሌለው የተደባለቀው ነው። ቀይ ከላይ አድርጎ የደርግን ዘመን አንበሳ መካከል ላይ የለጠፈ፣ ከሥሩም «ዐድዋ 1888» ብሎ የጻፈ ጨርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች ታሪክን ከመጽሐፍ ቀድመው የሚማሩት ከእንዲህ ያለ ጨርቅ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አንዳንድ ማኅበር የፈረስ ስም በጨርቁ ላይ እንዲጠለፍ ይፈልጋል። የፈረስ ስም የአገራችን ትልቅ ወግ ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ቢሆንም እኔ የምመክረው ስሙ ፈረሱ በሚለብሰው ግላስ ላይ እንዲጠለፍ ነው። ግላሱ ሰፊ ነው፣ ከሩቅ ይነበባል፣ ለፈረሱም ጌጥ ይሆነዋል። አምሳያው የታሪክ አምሳያ ሆኖ ይቅር።

መጠኑ

አባቴ ላይ የደረሰውን ነገር ቁጥር ያስረዳዋል። ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሲጋልብ 40 ይደርሳል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ነፋሱ ጨርቁን የሚገፋበት ኃይል ሦስት ሳይሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ቆሞ ሲታይ የሚያምረው ሰፊ ባንዲራ በግልቢያ ላይ የጋላቢውን ክንድ የሚጠመዝዝ ሸራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፈረሰኛ ጦር የነበራቸው አገሮች ሁሉ ይህን በልምድ አውቀውታል። በፈረንሳይ ጦር ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእግረኛው ሰንደቅ ዓላማ በየጎኑ 90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የፈረሰኛው 64 ብቻ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የፈረሰኛ ምድብ የሚይዘው ዓላማ ከሐር የተሠራ፣ በዘንጉ በኩል 69 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 104 ያህል ነበር፤ ጫፉም እንደ ወፍ ጭራ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። ነፋስ ጨርቅን ይበልጥ የሚያንገላታው፣ የሚያጮኸውና የሚተረትረው ከዘንጉ በራቀው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ጫፍ ቀድሞ የቀነሰ ሰው የሚጮኸውን ጨርቅ ቀነሰ ማለት ነው። እኔ ገዝቼው ከነበረው ሳቲን ጋር ሲነጻጸር የዚህ ዓላማ የቆዳ ስፋት፣ ስንጥቁ ሲቀነስ፣ ከግማሽ በታች ነው።

አሁን ወደ እኛ ሦስት ሾጣጣ ጨርቆች እንመለስ። እያንዳንዱን በዘንጉ በኩል 25 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱን 1 ሜትር አድርጋችሁ እየሾጠጠ እንዲሄድ ብትቆርጡት፣ የሦስቱ ስፋት ተደምሮ ከዚያ ሳቲን ሩብ ጥቂት ይበልጣል። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ አይጮኽም። አንዱ ቢቀደድ ሁለቱ ይውላሉ፤ የተቀደደውም ለብቻው ይተካል። ይህን ለክቼ ስጨርስ ደስ አለኝ። የዐድዋን መልክ በታማኝነት የሚያሳየው አምሳያ ለፈረስም ከሁሉ የተመቸው ሆኖ ተገኘ። ለጋላቢ እጅ የሚሆን ምን ላሠራ ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ ያለ ማወላወል ሦስቱን ሾጣጣዎች አሠራ እለዋለሁ።

አንበሳ ያለበትን አራት ማዕዘን በፈረስ ላይ መያዝ ግድ ከሆነ ከ70 በ100 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የሚይዘው ሰውም ከሰልፉ ፊት በእርምጃ ወይም በሶምሶማ ይሂድ። ጉግስና ሽርጥ የሚባሉት የፈረስ ጨዋታዎች ሲጀመሩ ዘንጉን ለእግረኛ ያስረክብ። ለግድግዳ ከሆነ መጠኑን ግድግዳው ይወስነዋል።

ጨርቁ

የታተመ ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ዝናብ ቢመታው ቶሎ ይደርቃል፣ ክብደቱም ትንሽ ነው። ለአንድ ቀን ሰልፍ፣ ለመኪና፣ ለትምህርት ቤት አጥር ይበቃል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ድምፁ ነው፤ በተለይ ሳቲኑ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል፣ ጫፉም ይጮኻል። ሁለተኛው ጀርባው ነው። ኅትመቱ ከአንድ ወገን ስለሚሆን በሌላው ወገን አንበሳው ደብዝዞ፣ ፊደል ካለም ፊደሉ ወደ ኋላ የሚነበብ ሆኖ ይታያል። ናይለን ከዚህ ይጠነክራል፤ ግን እሱም ዝም አይልም።

ከፈይ ለቤተ ክርስቲያንና ለአዳራሽ የተፈጠረ ጨርቅ ነው። ቀለሙ ጥልቅ ነው፣ የወርቅ ክር ጥልፍ ሲያርፍበት ግርማው ሌላ ነው። ሁለት ፊት ተደርጎ 90 በ150 ሲሰፋና ዙሪያው ላይ ዘርፍ ሲጨመርበት ግን ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት በዘንቢል መያዝ ቀላል ነው፤ ያንኑ በረጅም ዘንግ ጫፍ አስሮ፣ በአንድ እጅ፣ በሚጋልብ ፈረስ ላይ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከፈይን ለፈረስ አታሠሩ።

እውነተኛ ሐር የድሮ ፈረሰኞች ምርጫ የሆነው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በትንሽ ነፋስ ይነሣል፣ ድምፁም ሹክሹክታ ነው። በአገራችን ጉሎ ቅጠል ከሚመገበው ትል የሚፈተል ሐር አለ፤ በእጅ ተሸምኖም ይገኛል። ነገር ግን ሐር ፀሐይ አይወድም፤ ብርሃን ላይ ሲኖር እየደረቀ በመስመር በመስመር ይሰነጠቃል። ውድ ነው። «ሐር» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥም ብዙው ሳቲን ፖሊስተር ነው። ነጋዴው ሐር ነው ብሎ ከማለ፣ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፤ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር አስመዝዙና ከሱቁ ውጪ በክብሪት ለኩሱት። ሐር ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የሚቀረውም አመድ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ይህን ፈተና ለማድረግ የሚከለክል ነጋዴ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የኔ ምርጫ ጥጥ ነው። ጥጥ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ቀጭን የፋብሪካ ጥጥ ነው፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ለመስፋት ይመቻል፣ አይለጠጥም። ሌላው ሸማኔ በቀለም ክር የሚሸምነው ነው። የሸማኔው ጨርቅ ሲነካ ሕይወት ያለው ይመስላል፤ በነፋስ ላይ አይጮኽም፣ ይፈስሳል። የእጅ ሥራ ስለሆነም ከአምሳያው ዘመን ጋር ይቀራረባል። ጉድለቱ መላላቱ ነው። ሸማኔውን ማጉን አጥብቆ እንዲመታ ካልነገራችሁት በሁለተኛው ግልቢያ ጠርዙ ይተረተራል። ለሾጣጣዎቹ ሸማኔው የሠራውን፣ አንበሳ ለሚሰፋበት አራት ማዕዘን ደግሞ የፋብሪካውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ዝናብ ላይ ከራሳቸው ክብደት የሚበልጥ ውሃ ይጠጣሉ፤ ጥር ደረቅ ወር መሆኑ በጀን እንጂ እንጅባራ ክረምት ላይ ጥጥ ባንዲራ ይዞ መውጣት አይታሰብም።

ከጥጥ ጋር የሚመጣው ትልቁ አደጋ ቀለም መልቀቅ ነው። የመጀመሪያውን ሾጣጣ ያሠራሁ ጊዜ ቀዩና ቢጫው ታጥበው ተደራርበው አደሩ፤ ጠዋት ስገልጣቸው የቢጫው ጫፍ ብርቱካናማ ሆኗል። ያሠራሁት ሰው «ፀሐይ ሲመታው ይለቃል» አለኝ። አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት እርጥብ ነጭ ቁራጭ ነጠላ ወስጄ ቀዩ ላይ አጥብቄ አሸዋለሁ። ነጩ ከቀላ ጨርቁን አልገዛም፤ ጨውና ኮምጣጤ ያስይዘዋል የሚለውን ምክርም አልሰማም።

ስፌቱና አንበሳው

ሦስቱን ሾጣጣዎች ለመስፋት ጥሩ ልብስ ሰፊ ግማሽ ቀን ይበቃታል። ልትነግሯት የሚገባው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በድርብ መስመር ይሰፋ፤ ጫፉ ላይ መልሳ ስትሰፋ ክሩን ወዲያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ታመላልሰው። ክሩ የጥጥ ይሁን ካላችሁ ለዘመኑ ታማኝ ነው፤ የፖሊስተር ክር ግን ይጠነክራል። ለሚጋለብበት የፖሊስተር ክር፣ ለሚሰቀለው የጥጥ ክር እላለሁ።

አንበሳው ላይ ግን ጊዜ ስጡ። ሦስት መንገድ አለ። ማተም ርካሹ ነው፤ ጉዳቱን ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው አንበሳውን ከሌላ ጨርቅ ቆርጦ ከሁለቱም ወገን መስፋት ነው። በእኔ ወጪ ከታተመው አራት እጥፍ ያህል አስከፍሎኛል፤ ግን ከሩቅ ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሦስተኛው ሙሉ ጥልፍ ነው። ጥልፍ ከቅርብ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፤ የጋማው እያንዳንዱ ጸጉር ይቆጠራል። ዋጋው ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ክሩም ተከማችቶ ጨርቁን መካከል ላይ ያደነድነዋል፣ ባንዲራው አይፈስም፣ እንደ ሳንቃ ይገተራል። ጥልፍ መስታወት ውስጥ ለሚቀመጥ አምሳያ ይሁን፤ ሜዳ ለሚወጣው ቆርጦ መስፋቱ ይሻላል።

ከሁለት ወገን ሲሰፋ ሰፊዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። አንበሳው በሁለቱም ወገን ፊቱን ወደ ዘንጉ ማዞር አለበት። ፊቱን ወደ ጫፉ ካዞረ፣ ባንዲራው ወደ ፊት ሲጓዝ አንበሳው ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱ አንበሶች በመስታወት እንደሚታይ ምስል ተገላብጠው መቆረጥ አለባቸው፤ አንዱን ቅርጽ ሁለት ጊዜ መቁረጥ አይሆንም። ሥራውን ስትረከቡ ዘንጉ ላይ አስገብታችሁ በሁለቱም ወገን እዩ። ከዚያ ራሱን እዩ፣ ዘውድ አለ? የያዘውን ዘንግ እዩ፣ ጫፉ መስቀል ነው ወይስ ጦር? ዘውድና የጦር ጫፍ አብረው ከተገኙ ከሁለት ዘመን የተቀዳ ነው፤ መልሱት።

ዘንጉ

አንድ አዛውንት ፈረሰኛ «ሰንደቅ የሚባለው ዘንጉ ነው፣ ዓላማ የሚባለው ጨርቁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰዉ ግን ገንዘቡን ሁሉ ጨርቁ ላይ ያፈስስና ዘንጉን ከአጥር ይነቅላል።

በዚህ እኛ ዕድለኞች ነን። የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ሲጋለብም ዘንበል ብሎ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና ርካሽ ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ወይራ ለጉግስ ዱላ ይሁን። የአሉሚኒየም ቱቦ ቀላል ቢሆንም ጠዋት የእንጅባራ ብርድ ላይ እጅ ያደነዝዛል፣ አንድ ጊዜ ከጎበጠም አይቃናም። የሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለው ቀርከሃ ምረጡ፤ በጥላ ሥር ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ይሰነጠቃል። ሁለቱን ጫፎች በእርጥብ ጠፍር እሰሯቸው፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ጨብጦ ይይዘዋል። ርዝመቱን በተመለከተ የአሜሪካ ፈረሰኞች ዘንግ ከነጫፉ 2 ሜትር ከ74 ነበር፤ እኛም ሞክረነው ከ2 ሜትር ከ70 በላይ ሲሆን በዛፍ ሥር ማለፍ ያስቸግራል።

የዘንጉ ታችኛ ጫፍ የሚያርፍበት የቆዳ ኪስ ከቀኙ እርካብ ጋር ይሰፋ። ኮርቻ የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህ ትንሽ ኪስ ክብደቱን ከክንድ ወደ እርካብ ያወርደዋል፤ አባቴ ከጠቅላላው ሥራ ያመሰገኑኝ በዚህ ነው። ከዘንጉ መካከል ከፍ ብሎ በክንድ ላይ የሚጠለቅ የጠፍር ቀለበትም ይኑረው። እጅ ቢያመልጥ ሰንደቁ መሬት አይወድቅም። ቀለበቱ ግን ላላ ያለ ይሁን፤ ፈረሱ ቢወድቅ ክንድ ወዲያው መውጣት አለበት።

አሮጌ ስለሚመስሉት

በሻይ ተነክረው፣ ጠርዛቸው ሆን ተብሎ ተተርትሮ፣ «ከአያት የወረደ» ተብለው የሚሸጡ አሉ። ለምን እንደሚሠሩ መገመት አያዳግትም። በ1876 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊትል ቢግሆርን በተባለው ውጊያ ላይ ድል ከተመታው የአሜሪካ 7ኛ ፈረሰኛ ጦር የተረፈ አንድ ዓላማ በ1895 ሙዚየም በ54 ዶላር ገዝቶት፣ በ2010 ጨረታ ላይ ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ዋጋ በተሰማበት ዓለም አስመሳይ አይጠፋም። የክር ፈተናው እዚህም ይሠራል፤ የፖሊስተር ክር ያለበት «የአርበኛ ባንዲራ» ሊኖር አይችልም። የእናንተን አምሳያ ስታሠሩ ደግሞ በዘንጉ በኩል ባለው እጥፋት ውስጥ የተሠራበትን ዓመትና «አምሳያ» የሚል ቃል በክር አስጽፉበት። ከ50 ዓመት በኋላ ሳጥን ከፍቶ የሚያገኘው ልጅ እንዳይሳሳት ነው። እውነተኛ አሮጌ ጨርቅ ቤታችሁ ካለ ግን አትጠቡት፣ አትጠግኑት፣ ፈረስ ላይም አታውጡት።

አደባባይ ከመውጣታችሁ በፊት

የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀምን ይከለክላል። የቀድሞ ዘመን አምሳያ ደግሞ የዛሬው ዓርማ የለበትም። ስለዚህ በበዓል ሰልፍ ላይ ይዞ ለመውጣት ያሰበ ማኅበር ገና ጨርቁ ሳይቆረጥ የበዓሉን አዘጋጆችና የአካባቢውን አስተዳደር ይጠይቅ። ሜዳ ላይ ከደረሱ በኋላ መከራከር ለማንም አይበጅም፤ ፈረሱንም ያስደነግጣል።

ፈረሱን ማለማመድ

ሁሉ ነገር ተሟልቶም ፈረሱ ካላወቀው ይደነብራል። እኛ ያደረግነው ይህ ነው፦ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሾጣጣዎቹን ዘንግ ላይ ሳናስገባ ጋጣው በር አጠገብ፣ ፈረሱ ገለባ በሚበላበት ወገን ሰቀልናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ዳማው አንገቱን አርዝሞ እያንኮራፋ ርቆ ቆመ፤ ገለባውንም ሳይነካ አመሸ። በሦስተኛው ቀን ቀረብ ብሎ አሸተተው። ሳምንት ሲሞላ ቀዩን ጫፍ አፉ ውስጥ አስገብቶ ሲያኝከው አገኘሁት፤ ያንን ጠርዝ እንደገና ማሰፋት ነበረብኝ። ከዚያ ዘንጉ ላይ አስገብተን መጀመሪያ በእግር ከጎኑ ሄድን፣ ቀጥሎ አባቴ ተቀምጠውበት በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ ነፋሱ ከዘንገና ሐይቅ ወገን እየመጣ፣ አባቴ ሰንደቁን አንሥተው በጆሮው አጠገብ አሳለፉት። ዳማው ገለባውን ማላመጡን አላቋረጠም።